አባባ፣ ተማሪዎችዎ ይቁሙልዎት

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ገንዘብ ልኬያለሁ። ግማሹ ለሙሽሪት እህቴ ሠርግ ነው። ግማሹ ለልብዎ መድኃኒት ነውና ለድግሱ እንዳይነካ።

ሙሽሪት ሁሉንም ነግራኛለች። ሐኪሙ ዕረፍት አዝዞ ሳለ ሌሊቱን ሙሉ ማኅሌት ቆመው፣ ሲነጋ በሰው ተደግፈው ቤት ገቡ አሉ። አይቆጧት፣ አስጨንቄ ያናገርኳት እኔ ነኝ። ድምፄ የጠፋውም ረስቻችሁ አይደለም። ሥራዬ ወደ ሌሊት ስለዞረ ነው። ሥራው ጥሩ ነው፣ አያስቡ።

እዚህ እንግሊዝ አገር፣ ግሎስተር ካቴድራል የሠርክ ጸሎት አለ። ወደ ሥራ ስሄድ ጎራ ብዬ ከኋላ እቀመጣለሁ። እንዳይሰጉ፣ ማዕተቤ ከአንገቴ አልወረደም። ዜማ ሲናፍቀኝ ነው የምገባው። ከበሮና ጸናጽል የላቸውም፤ በትልልቅ ቱቦዎች ነፋስ እየገባ የሚያዜም ኦርጋን አላቸው።

አንድ ማታ ከጴጥሮስ መልእክት የተወሰደ መዝሙር ዘመሩ። ወንዶቹ «ሥጋ ሁሉ እንደ ሣር ነው» ሲሉ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር። ድንገት ኦርጋኑ ጮኸ፤ «የጌታ ቃል ግን ለዘላለም ይኖራል» አሉ። እርስዎን አስቤ አለቀስኩ።

የዜማው ደራሲ ሳሙኤል ሰባስቲያን ዌስሊ ይባላል። በፈረንጆቹ ከ1865 ጀምሮ በ1876 እስኪሞት የዚህ ካቴድራል ኦርጋን ተጫዋች ነበር። ከዚያ በፊት በሄሬፎርድ፣ በኤክሰተር፣ በሊድስና በዊንቸስተር አገልግሏል፤ እንደ እርስዎ ከደብር ደብር ሲዞር ኖረ። ያን መዝሙር የሠራው ሄሬፎርድ ሳለ ለፋሲካ ነው። በዕለቱ ከሕፃናቱ ሌላ የተገኘው ጎልማሳ ዘማሪ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም የካቴድራሉ አለቃ የቤት አሳላፊ። ያውም በፋሲካ!

በ1849 ይኸው ሰው ስለ ካቴድራል ዜማ ጽፎ አሳተመ። ቢያንስ 12 ጎልማሳ ዘማሪዎች ይኑሩ፣ የሚበቃቸው ይከፈላቸው አለ። ሰው ይታመማልና የሚተኩ 3 ተጨማሪ ዘማሪዎች ይዘጋጁ ሲልም ጨመረ። አባባ፣ እርስዎ እኮ ተተኪ አለዎት። ወረቡን፣ አቋቋሙን ያስጠኗቸው ልጆች ቆመው እያዩዎት ነው። ለዚህ አይደል ያስተማሯቸው? እርስዎ ተቀምጠው ያርሟቸው።

ከሩቅ ሆኖ ማዘዝ ቀላል ነው እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ግን ወረቀቴ ሳያልቅ ከወጣሁ መመለሻ የለኝም። ወድጄ የቀረሁ አይደለም። ዳሱ የት ነው የሚጣለው? ከደጅ ወይስ ከጓሮ? የእማዬ ድፎ ዳቦ በኮባ ሲጋገር ይሸተኛል። ሙሽሪት ጉልበትዎን ስትስም በእኔም ስም ይመርቋት። ቪዲዮውን ሳይቆርጡ ይላኩልኝ፣ በተለይ ከቤት ስትወጣ ያለውን።

እሷ ከሄደች በኋላ መድኃኒቱን ታናሼ ይቆጣጠር። መዋጥዎን በየጠዋቱ ይጻፍልኝ።

ልጅዎ