ለአባዬ፣ ስለ አሮጌዎቹ ቴሌቪዥኖች

ይድረስ ለምወድህ አባቴ፣

እንደምን ሰነበትክ? ጉልበትህስ እንዴት ነው? እኔም ልጆቹም ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። ይህን በስልክ ልነግርህ አስቤ ነበር። አንተ ግን «ካርድሽን አልፈጅብሽ» እያልክ ቶሎ ትዘጋዋለህ። ወሬው ደግሞ ረጅም ነው። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩልህ።

ሰሞኑን ከሥራ ስወጣ አምስት ኪሎ አካባቢ ያለ አንድ ጋለሪ ገብቼ የቪዲዮ አርት ኤግዚቢሽን አየሁ። ግድግዳ ላይ ሥዕል የለም። ክፍሎቹ ጨለም ያሉ ናቸው፣ በየጥጉ ስክሪን ይበራል። ሁሉም ሥራ ሰው ከሰው ጋር ስለሚገናኝበትና ስለሚራራቅበት ነገር ነው። መሃለኛው ክፍል ውስጥ ያገኘሁት ግን ምን መሰለህ? ያንተን ቴሌቪዥኖች! ሆዳቸው ወደ ኋላ የተነፋ፣ ማዞሪያ ያላቸው፣ በእንጨት ሳጥን የተሠሩ። ደሴ ሱቅህ መደርደሪያ ላይ ለጥገና ወረፋ ይጠብቁ የነበሩት ዓይነት።

ሁለት ሁለት ሆነው ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። በየስክሪኑ ላይ አንድ ሰው ስልክ ይዞ ይታያል። አርቲስቷ ንግግሩን ቆርጣ አውጥታዋለች። ያስቀረችው ስልኩ እየጠራ እስኪነሳ ያለውንና ከተዘጋ በኋላ ያለውን ብቻ ነው። አንዲት እናት አሉ። ስልኩ ሲጠራ ነጠላቸውን ያስተካክላሉ፣ ልጃቸው የምታያቸው ይመስል። ከተዘጋም በኋላ ስልኩን ከጆሯቸው አያወርዱትም። ፊት ለፊት ባለው ስክሪን ደግሞ ልጅቷ አለች፣ ሰው አገር። ከነጃኬቷ ቆማ እሷም ስልኩን እንደያዘች ናት። አንዳቸው ሌላውን አያዩም። መሃል የቆምኩት እኔ ግን ሁለቱንም አየሁ፣ እንባዬም መጣ። አባዬ፣ ከእንግዲህ ስደውል ቶሎ አትዝጋው። ወሬ ባይኖረንም ትንሽ ቆይልኝ።

ሁሉም ሥራ ደስ ብሎኛል አልልህም። አንዳንዱ ከመርዘሙ በቀር ምንም የለውም። የቴሌቪዥኖቹ ክፍል ግን ከልቤ አልወጣ አለ።

ወጣቱ አስጎብኚ የዚህን ጥበብ አመጣጥ አጫወተኝ። ናም ጁን ፓይክ የሚባል፣ ኮሪያ የተወለደ የሙዚቃ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1963 ጀርመን አገር ቩፐርታል ከተማ ውስጥ፣ ከፍቶ የነካካቸውን ቴሌቪዥኖች ለሕዝብ አሳየ። ቆይቶ ደግሞ አንድ ቴሌቪዥን አናት ላይ ትልቅ ማግኔት አስቀመጠ። ምስሉ ተጣመመ፣ ሌላ ቅርጽ ሆነ። ዛሬ የቪዲዮ አርት አባት የሚባለው እሱ ነው። አስበው እስቲ! እኛ ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ማግኔት ይዘን ወደ ስክሪን ስንጠጋ «ቀለሙን ታበላሹታላችሁ!» ብለህ ታባርረን ነበር። ማግኔት ቲዩቡ ውስጥ ያለውን የኤሌክትሮን ጨረር ከመንገዱ እንደሚያስወጣው ያስረዳኸኝም አንተ ነህ። ለአስጎብኚው እንዳንተ አድርጌ ብነግረው አፉን ከፍቶ ሰማኝ።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው ጥቅምት 1957 ዓ.ም. ነው፤ ፓይክ ቩፐርታል ላይ ቴሌቪዥኖቹን ካሳየ ሁለት ዓመት ሳይሞላ። አንተ ገና ልጅ ነበርክ። በኋላ ፒያሳ ሙያውን ተምረህ ደሴ ስትገባ፣ ለሰፈሩ አንድ ቴሌቪዥን ብቻ እንደነበር ትነግረን ነበር። እሷ ስትበላሽ የሚቸገረው ባለቤቱ ብቻ አልነበረም። ማታ ማታ እዚያ ቤት የሚሰበሰበው ጎረቤት ሁሉ አንተን ይጠብቃል። ሱቁን ከዘጋህ ወዲህ «የእኔ ሙያ አበቃለት» ስትል ሆዴ ይባባል። ያንን ሁሉ ሰው አንድ ክፍል ውስጥ ያስቀመጠው እኮ ያንተ እጅ ነው።

ሌላም የሰማሁት አለ፣ ደስ ይልሃል። ቢል ቫዮላ የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1995 አንድ ሥራ ሠራ። ሦስት ሴቶች መንገድ ላይ ተገናኝተው ሰላም ይባባላሉ። ነገሩ ሲቀረጽ 45 ሰከንድ ገደማ ነበር፤ እሱ አዝግሞ 10 ደቂቃ አደረገው። መነሻው እመቤታችን ኤልሳቤጥን ልትጠይቅ ስትሄድ የሚያሳይ የድሮ ሥዕል ነው። አንተና ጎረቤትህ ሐጂ ሱቅ በር ላይ የምትለዋወጡት ሰላምታ ትዝ አለኝ። እናንተ ማንም ሳያዘገየው አሥር ደቂቃ ታደርሱታላችሁ።

እዚህም ነገሩ ከተጀመረ ቆይቷል። አርቲስት ዕዝራ ውቤ አዲስ ቪዲዮ አርት ፌስቲቫልን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። እኔ ነኝ ዘግይቼ የደረስኩበት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ከቴሌቪዥኖቹ አንዱ ታሟል። ምስሉ አልቆም ብሎ ወደ ላይ ይሮጣል። አርቲስቷ መርካቶ ድረስ ሄዳ ጠጋኝ ፈልጋ ነበር። የጠየቀቻቸው ሁሉ «ጣይውና ፍላት ግዢ» አሏት። እኔም «አባቴ ይሠራዋል» አልኳት። ስልክህን ብትጠይቀኝም መጀመሪያ አንተን ላስፈቅድ ብዬ አልሰጠኋትም።

ኤግዚቢሽኑ እስከ ወሩ መጨረሻ ይቆያል። ደረጃ የለውም፣ ጉልበትህ አይቸገርም። እኛ ጋ ታድራለህ፣ ጠዋት አብረን እንሄዳለን። መበየጃህንና ያቺን ባለ ቀይ እጀታ ጠመንጃ መፍቻህን ብቻ ያዝ። ሌላው ዕቃ እዚህ ይገኛል። ቅዳሜ ለምትነሳው አውቶቡስ ቲኬት ልቁረጥልህ ወይስ ሰኞ ይሻልሃል?

የምትወድህ ልጅህ