እማዬ፣ ሁለቱ ክሬሞች አንድ አይደሉም

ይድረስ ለውድ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ?

ለመኝታ ክፍልሽ ግድግዳ ያሰብሻቸውን የሁለቱን ክሬም ቀለሞች ፎቶ አየሁት። ስልክ ቀለም ስለሚለውጥ በእሱ አትወስኚ። ሁለቱን የቀለም ናሙና ካርዶች ንጹሕ ነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጪያቸው፤ አንዱ ወደ ቢጫ፣ ሌላው ወደ ግራጫ እንደሚያደላ ያኔ ይለይልሻል።

እኔ የምመርጥልሽ ወደ ቢጫ የሚያደላውን ነው። መስኮትሽ ፊት ለፊት አቮካዶው አለ፤ ከቅጠሉ የሚመለሰው ብርሃን ግራጫውን የሻገተ ያስመስለዋል። በጅማ ክረምት ፀሐይ ስትጠፋ ደግሞ ይብስበታል። ከዚያ የጠለቀ ቢጫ ግን አትውሰጂ፤ አራቱ ግድግዳዎች ብርሃኑን እርስ በርስ ስለሚወራወሩ ከካርዱ ይልቅ ደምቆ ይወጣል።

መጀመሪያ ሁለት ነጭ ካርቶን፣ 50 በ50 ሳንቲሜትር፣ ዳር ዳሩ ነጭ ተትቶ ሁለት ሁለት ጊዜ ይቀባ። አሁን ባለው አረንጓዴ ግድግዳ ላይ በቀጥታ ከተሞከረ ክሬሙ ሮዝ መስሎ ያታልልሻል። ቀለም ሲደርቅ ጠቆር ስለሚል በማግስቱ እዪው፤ ጠዋት፣ ቀትር ላይ፣ ማታም ሁልጊዜ በምታበሪው አምፖል።

ክፍሉ 4 በ4፣ ቁመቱ 2.80 ሜትር ነው። በርና መስኮቱ ሲቀነስ 41 ካሬ ያህል ይቀራል። አንድ ሊትር 10 ካሬ ገደማ ይሸፍናል፤ ለሁለት ዙር 10 ሊትር ይበቃል፣ ለመጠገኛም ይተርፋል። ቀቢው ነጩ ቀለም ላይ ከለር (ማቅለሚያ) እየጨመረ በዓይኑ የሚበጠብጥ ከሆነ ሁሉንም በአንድ ባልዲ ባንዴ ይበጥብጠው። ዛሬ ግማሹን፣ ነገ ግማሹን ካለ አይገጥምም።

ከሁሉ የሚያሰጋኝ እርጥበቱ ነው። ግድግዳው ላይ ላስቲክ ለጥፈሽ ዙሪያውን በፕላስተር አሽጊና አንድ ቀን አቆዪው። ከውስጥ ላብ ካወጣ ቀቢው ይመለስ፤ እስከ ኅዳር መጠበቅ ይሻላል። ሻጋታውን በአንድ እጅ በረኪናና በሦስት እጅ ውሃ፣ መስኮት ተከፍቶ፣ ይጠቡልሽ። በረኪናው ከሌላ ሳሙና ጋር አይቀላቀል። የዘይት ቀለም ይታጠባል ቢሉሽ እምቢ በዪ፤ በጭቃ ግድግዳ ላይ እርጥበቱ መውጫ ሲያጣ ቀለሙን አሳብጦ ይልጠዋል። የውሃ ቀለም ይሁን።

ዞኮሎውን፣ ማለት የግድግዳውን የታች ጠርዝ፣ እና የበሩን መቃን ጠቆር ባለ ቡናማ አስቀቢ። ማታ ስትነሺ ወለሉ የት እንደሚያልቅ፣ በሩ የት እንዳለ ዓይንሽ ቶሎ እንዲለየው ነው።

መጋረጃውን ልጆቹ ያውርዱልሽ፤ አንቺ በርጩማ ላይ እንዳትወጪ። ሽታው እስኪወጣም ሁለት ሌሊት ሳሎን ተኚ።

ልጅሽ