ለገና አገር ቤት ለምትሄዱ፦ የጉዞ የጤና ኢንሹራንስ

ውድ የጡረተኞች ማኅበር አባላት፣ ለገና ኢትዮጵያ የምትሄዱ ሁሉ ኢንሹራንስ አብረን እንድንመርጥ ቅዳሜ በማኅበሩ አዳራሽ እንገናኝ። ሰዓቱ ከምሳ በኋላ 2 ሰዓት ነው፤ በአሜሪካ አቆጣጠር!

ሜዲኬር (የአሜሪካ መንግሥት በዋናነት ለ65 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ የሚሰጠው የጤና ኢንሹራንስ) ከአሜሪካ ውጭ ለሚደረግ ሕክምና በአብዛኛው አይከፍልም። ሜዲጋፕ (ሜዲኬር የማይከፍለውን የሚሞላ ተጨማሪ የግል ኢንሹራንስ) ዕቅድ ጂ ወይም ኤን ያላችሁ ትንሽ ይሻላችኋል። የመጀመሪያውን 250 ዶላር ራሳችሁ ትከፍላላችሁ፤ ከዚያ በላይ ካለው የድንገተኛ ሕክምና ወጪ 80 በመቶውን ይሸፍናል። ጣሪያው ለዕድሜ ልክ 50,000 ዶላር ነው። ደግሞም የሚሠራው በጉዞው የመጀመሪያ 60 ቀናት ለጀመረ ሕመም ብቻ ነው። ሦስት ወር የምትቆዩ፣ ልብ በሉ።

ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለባችሁ፣ የጉዞ ኢንሹራንሱ ዋጋ ረከሰ ብላችሁ አትቸኩሉ። ነባር በሽታን ይሸፍን እንደሆነ መጀመሪያ እንየው።

የሜዲኬርና የሜዲጋፕ ካርድ፣ የመድኃኒት ዝርዝርና የጉዞ ቀናችሁን ያዙ። መምጣታችሁን እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ ጻፉልን።