ከኋላ ያለው ተሳፋሪ አይደለም

ሰላም ለአዘጋጁ፣

ስለ ፓራሊምፒክ ስትጽፉ ሁሌ ሩጫ ላይ ብቻ ነው የምትቆሙት። እስቲ አንዴ ስለ ብስክሌትም አውሩን።

ክሬግ ማክሊን የሚባል ስኮትላንዳዊ የትራክ ብስክሌተኛ አለ። በሲድኒ 2000 ኦሊምፒክ በቡድን የብር ሜዳሊያ አገኘ። ከዚያ ለንደን 2012 ላይ ማየት የተሳነውን አንቶኒ ካፕስን ከኋላው አስቀምጦ፣ ታንደም በሚሉት ባለ ሁለት ሰው ብስክሌት የፓራሊምፒክ ወርቅ ወሰደ። ወርቁ ለሁለቱም ነው። ከፊት ያለው መሪውን ይይዛል፤ የሁለቱ ፔዳል ግን በሰንሰለት የተያያዘ ስለሆነ አንዱ ሲለግም ሌላው ወዲያው ያውቅበታል፣ የትራክ ብስክሌት ደግሞ ፍሬን የለውም፣ ጎማው እስከዞረ ድረስ እግር ማሳረፍ ብሎ ነገር የለም።

ይህን ያነሳሁት ያለ ነገር አይደለም። ኮምቦልቻ ያለው የአክስቴ ልጅ ዓይነ ስውር ነው። ልጆች ሆነን ከኋላ አፈናጥጬው ስንዞር፣ ሰንሰለቱ መላላቱን ከእኔ ቀድሞ በጆሮው ይለየዋል። «አንተ፣ ሊወልቅ ነው!» ይለኛል፤ ወዲያው ይወልቃል። (የሐረጎን ቁልቁለት ሞክረን አናውቅም፣ አላበድንም።) አሁን 30 ሊሞላው ነው፣ አንድም ቀን ፔዳል ረግጦ አያውቅም።

በፓሪስ 2024 ማየት የተሳናት ያየሽ ጌቴ ከአሯሯጯ ጋር በ1500 ሜትር ወርቅ ስታመጣ ቤታችን በእልልታ ቀለጠ። ታዲያ ብስክሌቱስ? ወሎ ውስጥ ታንደም ያለው ሰው ካለ በጋዜጣችሁ አሳውቁን። ከፊት የሚቀመጥ አታፈላልጉ፣ እኔ አለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከደሴ