የሎሚው ዋጋና የአውሮፕላኑ መቀመጫ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

«ቀውስ ዕድል ይዞ ይመጣል» ሲባል በየስብሰባው እሰማለሁ። ለማን?

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ በአገራችን መገኘቱ በተነገረ ሰሞን ሎሚና ነጭ ሽንኩርት ዋጋቸው ሰማይ ነካ። ነጋዴው አዲስ ዕቃ አላስመጣም፤ ያው የትናንቱ ጆንያ ነው። አንዳንዱማ ጭራሽ «የለም» እያለ ከባንኮኒው ሥር ደበቀው። ይህንንም የንግድ ብልጠት የሚሉ አሉ!

በዚያው ወቅት የኢትዮጵያ አየር መንገድ መንገደኛ ሲጠፋ ከ20 በላይ አውሮፕላኖቹን መቀመጫ ነቃቅሎ ጭነት ማመላለሻ አደረጋቸው። ጭምብሉን፣ የመመርመሪያ ኪቱን ከቻይና እየጫነ ለአፍሪካ አገሮች አዳረሰ። የጭነት ዋጋ ተወዶ ስለነበር አተረፈበት፤ ይበለው እላለሁ፣ ሠርቶ ነውና።

ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ግን በዘይት ላይ ያየነው የሎሚውን ታሪክ ነው፤ በድሮው ምንዛሪ የገባው ጀሪካን በአንድ ሌሊት ዋጋው ዘለለ። ዋጋ ያስወደደን ሱቅ ማሸጉ የአንድ ሰሞን ዘመቻ ነው። የንግድ ቢሮዎች በአዘቦቱም ቀን ዋጋ እንዲለጠፍ፣ ደረሰኝ እንዲቆረጥ ይከታተሉ። ጋዜጣችሁም ይህን ይጠይቅልን።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ