አባባ፣ እርስዎ አቀንጭራ አይደሉም

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ አባባ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? እኛ እግዜር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ልጆቹ ትምህርት ጀምረዋል። ይህን ደብዳቤ እህቴ ቀስ ብላ ታንብብልዎ። በስልክ ልነግርዎ አስቤ ነበር፤ ግን መስመሩ ይቆራረጣል፣ እርስዎም «በቃ ካርድህን አትጨርስ» ብለው ይዘጉብኛል።

ባለፈው ስንደዋወል ለመድኃኒቱና ለቀለቡ ብር መላካችንን አንስተው «እንግዲህ እኔም አቀንጭራ ሆንኩባችሁ» አሉኝ። ሌላ ሰው ቢለው ሰምቼ ባለፍኩት ነበር። እርስዎ ግን ዕድሜ ልክዎን ቆቦ ሜዳ ላይ ያን አረም፣ አቀንጭራን፣ ከማሽላዎ ሥር ሲነቅሉ የኖሩ ሰው ነዎት። ምን ማለት እንደሆነ ያውቁታል። ስለዚህ ነገሩ ከብዶኝ ሰነበተ። እኔም ባዮሎጂ የማስተምር ልጅዎ ነኝና በማውቀው ልመልስልዎ።

የአቀንጭራ ዘር ከአቧራ አይለይም። አንዱ ተክል ብቻ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ይበትናል። ያ ዘር አፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ሳይሞት መቆየት ይችላል። ዝናብ ስላገኘ ብቻ አይበቅልም። የማሽላ ሥር አጠገቡ መድረሱን እስኪያውቅ ይጠብቃል። ሲያውቅ ይነቃና ሥሩ ላይ ይጣበቃል። ከዚያ ውሃውንና ምግቡን ይመጥጣል። እርስዎ ሐምራዊ አበባውን በሚያዩበት ጊዜ አብዛኛው ጉዳት ከመሬት በታች ደርሷል። ነቅለውት እንኳ ማሽላው ቀና የማይለው ለዚህ ነው።

ግን የማሽላው ሥር መድረሱን በምን ያውቃል? እኔን በጣም የሚገርመኝ ይሄ ነው። ማሽላው ራሱ ከሥሩ የሚያወጣው ኬሚካል አለ፤ ስትሪጎላክቶን ይባላል። ተክል ጠላቱን የሚቀሰቅስ ነገር ለምን እንደሚያመነጭ ለብዙ ዓመታት እንቆቅልሽ ነበር። በ2005 እ.ኤ.አ. የጃፓን ተመራማሪዎች ፈቱት። ተክሉ እየጠራ ያለው አቀንጭራን አይደለም። አፈር ውስጥ የሚኖር ወዳጁን፣ ማይኮራይዛ የሚባለውን ፈንገስ ነው።

ይህ ፈንገስ በጣም ቀጫጭን ክሮች አሉት። ክሮቹ የማሽላው ሥር ከማይደርስበት ቦታ ፎስፈረስ ይለቅማሉ፤ ያው እናንተ ከዳፕ ማዳበሪያ የምታገኙት ማለት ነው። ማሽላው ደግሞ በፀሐይ ብርሃን ከሠራው ምግብ ያካፍለዋል። ተክሎች ካዘጋጁት ምግብ እስከ አንድ አምስተኛ የሚሆነውን ለፈንገሱ የሚሰጡበት ጊዜ አለ። ብዙ ነው አይደል? ማሽላው ግን አይከስርም። አቀንጭራ ይህን ጥሪ ሰምቶ የሚመጣ ሌባ ነው።

አፈሩ በደኸየ ቁጥር ማሽላው ኬሚካሉን አብዝቶ ይለቃል፤ አቀንጭራውም ይበረታል። እርስዎ «ፍግ የጠገበ መሬት አቀንጭራ አይደፍረውም» ይሉ የነበረውን እኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነው ምክንያቱን የተማርኩት። የወሎንኮሚው ልጅ ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታም የለፉት በዚሁ ነገር ላይ ነው። አቀንጭራን የሚቀሰቅሰውን ነገር እምብዛም የማያወጡ የማሽላ ዝርያዎችን አዳቀሉ። ጎቢዬ፣ አብሽርና ብርሃን የሚባሉት ዝርያዎች የዚህ ሥራ ውጤት ናቸው። በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን ሲያገኙ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። አቀንጭራ ቤት ውስጥ ምን እንደሚያጎድል አይቼ ያደግሁ ነኛ።

ወንዝ ዳር ያለውን ሾላም ያስቡት። አበባ የሌለው የሚመስለው አበባው ፍሬው ውስጥ ስለተደበቀ ነው። ወደዚያ የምትገባው አንዲት ደቃቃ ተርብ ናት። ቀዳዳው ከመጥበቡ የተነሳ ክንፏ ይሰበራል። ገብታ ከሌላ ሾላ ያመጣችውን የአበባ ዱቄት ታዳርሳለች፣ እንቁላሏን ትጥላለች፣ እዚያው ትሞታለች። ልጆቿ ዘር ሊሆን ከነበረው የተወሰነውን በልተው ያድጋሉ። ወንዶቹ መውጫ ይቆፍራሉ፤ ሴቶቹ ዱቄቱን ተሸክመው ይበርራሉ። ሾላው ልጆቿን ባያበላ የራሱን ዘር አያገኝም። እሷም ያለ ሾላ መውለጃ የላትም። እሷን የምትመስል ሌላ ተርብ ደግሞ አለች፤ ሾላው ውስጥ ገብታ እንቁላሏን ጥላ ምንም ሳታዳርስ የምትቀር።

መሃል ላይ ያሉም አሉ። በሬ ሲያርስ ከኋላ የሚከተሉት ነጫጭ ወፎች ከአፈሩ የሚወጣውን ትል ይለቅማሉ፤ በሬው አይጎዳ፣ አይጠቀም። ከብት ጀርባ ላይ የምትቀመጠው ምንቃረ ቀይ ወፍ ደግሞ መዥገር ትለቅማለች፤ ቁስል ስታገኝ ግን ደሙን ትጠጣለች፣ እንዳይደርቅም ትነካካዋለች። ጥቅሟና ጉዳቷ እንደ ሁኔታው ነው። ተማሪዎቼ በዚህች ወፍ ላይ ሲከራከሩ ክፍለ ጊዜው ያልቃል።

እና አባባ፣ ከሌላው ምግብ የተካፈለ ሁሉ አቀንጭራ አይባልም። ፈንገሱም ይበላል፤ የተርቧ ልጆችም ይበላሉ። አቀንጭራ የሚባለው ወስዶ ወስዶ ምንም የማይመልሰው ነው። እርስዎ ዛሬ ምን እየሰጡን እንደሆነ ያሰቡት አልመሰለኝም። ወንድሜ ዘንድሮ የዘራው ጅጉርቲ የተባለው ማሽላ እርስዎ ራስ ራሱን መርጠው፣ ከምድጃው በላይ ሰቅለው ያቆዩት ነው። ሽምብራ መቼና የትኛው ማሳ ላይ እንደሚገባ የሚጠየቁት እርስዎ ነዎት። የእኔ ትልቁ ልጅ ክረምቱን እርስዎ ጋ ከርሞ ሲመለስ የሰማዩን ሁኔታ አይቶ ስለ ዝናብ ማውራት ጀምሯል። ይህን እኔ አላስተማርኩትም፤ አልችልበትምም።

ብሩ ከእርዳታ እንዳይቆጠር እለምንዎታለሁ። የተማርኩት ከማሳዎ በወጣ ገንዘብ ነው፤ ወደ ማሳዎ ቢመለስ ምን ይገርማል?

አሁን አቀንጭራው የሚያብብበት ጊዜ ነው። ዘር ሳይዝ ይነቀል፤ የተነቀለውም ማሳው ላይ እንዳይጣል፣ ይቃጠል። እርስዎ ግን እንዳይጎነበሱ። ለቀን ሠራተኛ የሚሆን ጨምሬ ልኬያለሁ። የሐኪም ቀጠሮውንም እንዳይዘሉት፤ ወንድሜ ይወስድዎታል። በኅዳር ለአጨዳው እመጣለሁ። ዘር ሲመርጡ አጠገብዎ ሆኜ ምን አይተው እንደሚለዩ በዝርዝር መጻፍ እፈልጋለሁ፤ ለተማሪዎቼም አስተምረዋለሁ። እኔ ሳልደርስ እንዳይጀምሩት።

እናቴን ሳሙልኝ። ጎረቤቶቹንም ሰላም በሉልኝ።

አክባሪ ልጅዎ