ከሰዓት በኋላ ወደ ቦንጋ የሚወጣ መኪና ይኑር

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጤና ይስጥልኝ። ጅማ ውስጥ፣ ከሪፈራል ሆስፒታሉ ብዙም ሳይርቅ፣ ትንሽ አልጋ ቤት አለችኝ። እንግዶቼ በአብዛኛው ታማሚና አስታማሚ ናቸው። ከዳውሮም፣ ከየምም፣ ከኢሉባቦርም ይመጣሉ። የሚበዙት ግን ከከፋ፣ በቦንጋ በኩል የሚመጡት ናቸው። የምጽፍላችሁም ስለ እነሱ መመለሻ ነው። መምጫውስ ደህና ነው፤ መመለሻው ነው ችግሩ።

ጅማንና ቦንጋን ለማያውቅ አንባቢ ትንሽ ልበል። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ርቀት 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከጅማ ሲወጡ ሰቃ ጨቆርሳ አለ፣ ከዚያ ሸቤ፣ ከዚያ መንገዱ ወደ ቆላው ይወርድና ጎጀብን ያሻግራል። ከወንዙ ማዶ ከፋ ነው። ዛሬ ጅማ ያለችው ኦሮሚያ ውስጥ ነው። ቦንጋ ደግሞ በ2014 ዓ.ም. የተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል የአስተዳደር መቀመጫ ሆናለች። ድሮ ግን ሁለቱም በአንድ ከፋ ሥር ነበሩ። በንጉሡ ጊዜ ጠቅላይ ግዛት ተባለ፣ በደርግ ጊዜ ክፍለ ሀገር፤ ዋና ከተማው ጅማ ነበረች። የቦንጋ ሰው አቤቱታ ካለው ጅማ ነበር የሚመጣው። አሁን ለመንግሥት ጉዳይ ጅማ መምጣት ቀርቷል። ለሕክምና፣ ለገበያና ለዘመድ ግን ሰዉ እንደ ድሮው ይመላለሳል።

ገበያውማ ከመኪናም በፊት ነበር። የጅማ ገበያ ገና ሂርማታ እየተባለ ሐሙስ ሐሙስ በሚቆምበት ዘመን፣ ነጋዴው የከፋን ዕቃ ጎጀብን እያሻገረ ያመጣ ነበር። ሰውም እንደ ዕቃ ተነድቶበታል። ይህንንም መናገር አለብን፤ የሁለታችን ታሪክ ማርና ቡና ብቻ አልነበረም።

እኔ ራሴ የሁለቱም ልጅ ነኝ። እናቴ ከፋ ናት፣ ከጎጀብ ማዶ። አባቴ የሸቤ ኦሮሞ ነበር። ቤታችን ውስጥ እናቴ በካፊኖኖ ትቆጣናለች፣ አባቴ በኦሮምኛ ይመርቀናል፣ እኛ ልጆቹ እርስ በርሳችን በአማርኛ እንጣላለን። ይህ እኛ ቤት ብቻ የነበረ ነገር አይደለም። እንዲህ ያለ ቤት ጅማም ቦንጋም ሞልቷል።

ማስረጃ የሚፈልግ የቦንጋን ሚኒባስ ይሳፈር። ረዳቱን ልብ ብሎ ያየው። ቦንጋ መናኸሪያ ላይ በካፊኖኖ እየተጣራ ይጭናል። ኬላ ላይ ሲያስቆሙት በአማርኛ ያስረዳል። ሸቤ ላይ ለወረደው ሽማግሌ ሻንጣውን ከላይ አውርዶ፣ መልሱን ቆጥሮ፣ በኦሮምኛ መርቀውት ይሳፈራል። የተማሩ ሰዎች እንደሚሉት ኦሮምኛ ከኩሽ፣ አማርኛ ከሴም፣ ካፊኖኖ ከኦሞ ወገን ነው። ያ ልጅ ሦስቱንም የለመደው በር ላይ ቆሞ ነው። ከላይ የተጫነውም እንደዚያው ድብልቅ ነው። ሲመጣ ማር፣ ኮረሪማ፣ ጥምዝ፤ ሲመለስ ዘይት፣ ሳሙና፣ ልብስ፣ አንዳንዴም የጅማ በርጩማ በገመድ ታስሮ።

ጋዜጠኛ ወደ እኛ አገር ሲመጣ የሚጠይቀው ቡና መጀመሪያ የት በቀለ ብሎ ነው። የጅማዎቹ ጮጬ ይላሉ፣ የከፋዎቹ ማኪራ። እኔ አላደላም። ግን አንድ ቀን አንዱ ጋዜጠኛ ከሰዓት በኋላ መናኸሪያ ሄዶ ወደ ቦንጋ መሳፈር ቢሞክር ደስ ይለኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቦንጋ የገብረፃዲቅ ሻዎ ሆስፒታል አለ። ከአቅም በላይ የሆነው ሪፈር ተጽፎለት ጅማ ይመጣል። በደቡብ ምዕራቡ በኩል ትልቁ የሪፈራል ሆስፒታል እዚህ ስለሆነ ብዙው ሰው ወደዚህ ይላካል። ታክሞ ይድናል፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት ሐኪሙ ዙር ላይ "ዛሬ ትወጣላችሁ" ይላል። ወረቀቱ ይጻፋል፣ መድኃኒቱ ይወጣል፣ ሒሳቡ ይዘጋል። የየትም ትልቅ ሆስፒታል አሠራር ይህ ነው፣ በዚህ ማንንም አልወቅስም። ግን ይህ ሁሉ ሲያልቅ ቀኑ ተጋምሷል። ታማሚው መናኸሪያ የሚደርሰው ዘጠኝ፣ አሥር ሰዓት ላይ ነው።

ጠዋት መኪናው ቶሎ ቶሎ ሞልቶ ይወጣል። ከሰዓት ግን ተሳፋሪ ይሳሳል። ረዳቱ "ሁለት ሰው የቀረው!" እያለ ይጣራል፤ ውስጥ ያሉት አራት ናቸው። የገባው ሰው ይጠብቃል። ሙቀቱ፣ ቁስሉ፣ የተራበው ሕፃን፣ ሁሉም እዚያው ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ሹፌሩ ቁልፉን ነቅሎ "ዛሬ አይወጣም" ይላል። ወይ ደግሞ "የባዶውን ወንበር ሒሳብ ከሸፈናችሁ እንሄዳለን" ይላል። ሹፌሩም ቢሆን ነዳጅ ገዝቶ ነው የሚነዳው፤ ባዶ ወንበር ይዞ ሂድ ማለት ይከብዳል። ግን ሆስፒታል ሰንብቶ የወጣ ሰው ኪሱ ውስጥ ምን ይቀረዋል?

ባለፈው ክረምት አንድ አባት ልጁን ይዞ እኔ ጋ አርፎ ነበር። ልጁ ጎረምሳ ነው። ቀፎ ሊሰቅል ዛፍ ላይ ወጥቶ ነው የወደቀው። እግሩ እስከ ጭኑ ድረስ በጀሶ ታስሯል። ወጡ ተብለው፣ ሒሳባቸውን ዘግተው፣ እኔንም ተሰናብተው ሄዱ። አመሻሹ ላይ በር ተንኳኳ። ከፈትኩ። ልጁ ባጃጅ ውስጥ እግሩን በበሩ አውጥቶ ተቀምጧል፣ አባትየው ጀሶው እንዳይመታ ከሥር ደግፎ ይዞታል። ምን ሆናችሁ ስል አባት በካፊኖኖ ነገረኝ። እግሩ ስለማይታጠፍ ልጁ የሁለት ሰው ሒሳብ ይከፍላል ተባሉ። እሺ አሉ። ከዚያ የባዶውም ወንበር ተጨመረ። ይህንን አልቻሉም። ታሪፉ ስንት እንደሆነ ጠየቅኩት። አያውቅም። ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ነገር አይቷል፣ ግን በእሱ ቋንቋ አልነበረም፣ የሚያነብለትም አላገኘም።

ያን ሌሊት አልጋ ያለ ክፍያ ሰጠኋቸው፣ በማግስቱ ጠዋት ሄዱ። ሁሉንም ግን እንዲህ ማስተናገድ አልችልም፣ እኔም የቤት ኪራይ አለብኝ። እውነቱን ለመናገር መኪና በታጣ ቁጥር የእኔ አልጋ ይያዛል። እንዲህ ያለ ገቢ ግን አልፈልግም። ቤቱ የሚያስፈልገው ለሚታከም ሰው እንጂ ታክሞ ለጨረሰ አይደለም።

እኔ የምለው ይህ ነው። በቀን አንድ መኪና፣ አንድ ብቻ፣ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ተኩል ላይ ሞላም አልሞላም ወደ ቦንጋ ይውጣ። በዚያ ሰዓት ከወጣና መንገድ ላይ ብዙ ካልቆመ ጨለማ ሳይዝ ይገባል። ሹፌሩ እንዳይከስር ደግሞ መላ አለው። የከሰዓቱን ጉዞ የወሰደ መኪና በማግስቱ ጠዋት ቦንጋ ላይ የመጀመሪያውን ተራ ያግኝ። የመጀመሪያ ተራ ምን ማለት እንደሆነ ሹፌር ሁሉ ያውቃል፤ ለሱ ሲሉ ሌሊት ተነስተው የሚሰለፉ አሉ። ይህንን ሐሳብ አልጋ ቤቴ ለሚያድሩ ሹፌሮች አቅርቤላቸው ነበር። "በጽሑፍ ከመጣ እንሠራዋለን" ብለውኛል። ችግሩ ተራው የሚያዘው ቦንጋ ነው፣ ሕመምተኛው የሚሳፈረው ጅማ ነው። አንዱ ክልል ብቻውን ሊወስነው አይችልም። የሁለቱ ክልሎች የትራንስፖርት ኃላፊዎችና የመኪና ባለንብረቶች ማኅበራት አንድ ቀን ቁጭ ብለው ቢነጋገሩ ያልቃል። በጀት አይጠይቅም።

ከሆስፒታል የመውጫ ወረቀት የያዘ ሰው በዚህ መኪና ቅድሚያ ይኑረው። እግሩ ወይም ወገቡ በጀሶ ለታሰረ ሰው ስንት እንደሚከፍል ቁርጥ ያለ ደንብ ይውጣ፤ ለሹፌሩም ለታማሚውም ያ ይሻላል። ታሪፉም በሁለቱ መናኸሪያዎች በሦስቱ ቋንቋዎች ይለጠፍ። ኦሮምኛም ካፊኖኖም በላቲን ፊደል ነው የሚጻፉት፣ ልጆችም ትምህርት ቤት ይማሩታል። አባት ባያነብ ልጁ ያነብለታል።

ሆስፒታል ውስጥ ስለ ማስተርጎሙ ብዙ ማለት ይቻላል፣ ለዛሬ በአጭሩ ልለፈው። አንዳንድ ሌሊት ነርሶች ስልክ ይደውሉልኛል፤ አንዲት እናት የት እንደሚያማት ትነግረኛለች፣ እኔ ለነርሷ እነግራለሁ። በደስታ ነው የማደርገው። ግን ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ካፊኖኖ፣ ዳውርኛ፣ የምሳ የሚናገሩ ተማሪዎች አሉ። በፈቃዳቸው ተራ ገብተው ቢረዱ ከእኔ ስልክ ይሻላል።

ጋዜጣችሁ ቦንጋም ጅማም ይነበባል። ይህንን ደብዳቤ ካወጣችሁልኝ፣ ከሁለቱም ወገን ኃላፊዎቹን ጠይቃችሁ መልሳቸውን እንድታትሙልን እለምናለሁ። ሹፌሮቹን ማነጋገር ከፈለጋችሁም ማታ ማታ እኔ ቤት አይጠፉም።

አክባሪያችሁ፣
ከጅማ፣ አልጋ አከራይ